ለደብረ ማርቆሶቹ ጠያቂዎች፦ ከውጭ የላይሰንስ ገቢ አለኝ የሚል ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛት በፊት

ጥያቄያችሁ ባጭሩ፦ ገንዘብ አሰባስባችሁ፣ ሶፍትዌሩን ለኬንያ የብድር ተቋማት በላይሰንስ (በክፍያ በሚገኝ የመጠቀሚያ ፈቃድ) የሚሰጥ የአዲስ አበባ ኩባንያ አክሲዮን ልትገዙ ነው። ትርፉ በየዓመቱ ያድጋል፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከዜሮ በታች ነው። ማጭበርበር ይሆን?

የግድ አይደለም። ቡሬ ላይ በርበሬ በዱቤ ጭኖ የላከ ነጋዴም በመዝገቡ አትራፊ፣ በኪሱ ባዶ ነው። የላይሰንስ ዱቤ ግን ዓመታት ይወስዳል። ገቢ መቼ እንደሚመዘገብ በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ 15 መሠረት፣ ደንበኛው ሶፍትዌሩን ባለበት ይዞታ የመጠቀም መብት ከገዛ፣ ገቢው መጠቀም በሚችልበት ቀን በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። የ3 ዓመት ውል 18 ሚሊዮን ብር ቢሆንና በየዓመቱ 6 ሚሊዮን ቢከፈል፣ የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ 18 ይላል (የወለዱን ቅናሽ ትተን)። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከዚሁ ውል ምንም ሽያጭ ስለማይመዘገብ፣ ዕድገት ለማሳየት አዲስ ፊርማ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሻጮቹ የመክፈል አቅሙ አጠራጣሪ ለሆነ ደንበኛም መፈረም ይጀምራሉ።

ክፍያው እንደ ሮያሊቲ (በሌላ ሰው የፈጠራ ሥራ ለመጠቀም እንደሚከፈል ዋጋ) ከተቆጠረ ደግሞ ኬንያ 20 በመቶ ቀንሳ ታስቀራለች፤ ከ6 ሚሊዮኑ የሚደርሰው 4.8 ነው። እዚያ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከመጣ፣ እዚህ ከሚከፈለው 30 በመቶ ግብር ላይ ይቀነሳል። ችግሩ እነሱ የሚቀንሱት ከጠቅላላው ክፍያ፣ የእኛው ግብር ግን ከትርፉ መሆኑ ነው። 4 ሚሊዮኑ ወጪ ከሆነ የእኛ ግብር 600 ሺህ ብቻ ነው፤ እዚያ ከቀረው 1.2 ሚሊዮን እዚህ የሚቀነሰው ከዚህ አይበልጥም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የምንዛሪው ትርፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ130 አለፈ። ያልተሰበሰበ 100 ሺህ ዶላር በተቀመጠበት ከ5.7 ወደ 13 ሚሊዮን ብር ያብጣል፤ 7.3 ሚሊዮኑ ሳንቲም ሳይገባ ትርፍ ተብሎ ይጻፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ይህን አውጡና የቀረውን ትርፍ እዩ።

የተሰብሳቢ ሂሳብ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ዕዳ) የዕድሜ ዝርዝር፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕዳ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያሳየውን፣ ጠይቁ። ተሰብሳቢውን ለዓመቱ ሽያጭ አካፍላችሁ በ365 አባዙ፤ 27 ሚሊዮን ለ36 ሚሊዮን 274 ቀን ይሰጣል። ውሉ 60 ቀን እያለ ይህ ከመጣ ደንበኛው መክፈል አቅቶት ወይም በሥራው ሳይስማማ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ገና ደረሰኝ ያልተቆረጠለትን ገቢም ደምሩ፤ የዘገየው ብዙ ጊዜ እዚያ ይሸሸጋል።

ከሰኔ 30 በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የገባውንም በባንክ ክሬዲት አድቫይስ (ገንዘብ ገቢ መደረጉን ባንኩ በሚያሳውቅበት ወረቀት) አመሳክሩ። ገንዘቡን የላከው ውሉን የፈረመው ድርጅት ራሱ ይሁን። የናይሮቢው «ደንበኛ» የኩባንያው ባለቤቶች ራሳቸው ያቋቋሙት አከፋፋይ ከሆነ፣ ዕቃው ከሳሎን ወደ ጓዳ ተሻገረ እንጂ አልተሸጠም። «ሚስጥር ነው» ካሏችሁ ስሙን ሸፍነው ቀኑንና መጠኑን ያሳዩ፣ የላኪውን ማንነት ኦዲተራቸው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ያንንም ከከለከሉ ገንዘባችሁን አትልቀቁ።