መሃል ላይ ያቋረጡ ጓደኞቻችን መጽሔቱ ላይ ይግቡ ወይስ አይግቡ?

ጥያቄ

ሰላም ቲቸር። እንደ ድሬ ልማድ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሰፈሬ ሳቢያን ነው። የተመራቂዎች መጽሔት ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ የክፍላችንን ገጾች እንድጽፍ ተሰጥቶኛል። ሁለት ነገር ቸግሮኛል።

አንደኛ፣ 9ኛ ክፍልን አብረውን ጀምረው መሃል ላይ ያቋረጡ ልጆች አሉ። አንዱ 10ኛን ሳይጨርስ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አንዷ ዐረብ አገር ሄደች። ሌላው አባቱ ሲሞት ከፊራ ገበያ እናቱን ሊያግዝ ቀረ። እኔ እነሱም ይግቡ አልኩ። ኮሚቴው ግን "ያልከፈለ፣ ያልተመረቀ ሰው እንዴት ይገባል?" አለኝ።

ሁለተኛ፣ በየፎቶው ስር የምጽፈው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። "ሳቂታ፣ ተግባቢ፣ የዋህ" እላለሁ፣ ቀጣዩም ላይ ያው ነው። አቦ፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ሰው መሰለ። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጄ፣ ይግቡ። ኮሚቴው ቢከራከርሽም እንዳትለቂ።

እኔ 12ኛን የጨረስኩት እዚሁ ድሬ፣ በ1985 ነው። ያኔ ማትሪክ ነበር የምንፈተነው። የክፍላችን ፎቶ እስካሁን አለኝ። ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል፣ እኛ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ከዚያ ፎቶ ላይ አንድ ልጅ ይጎድላል። 9ኛ ክፍል እሱ፣ እኔና አንዲት ጓደኛዬ አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነበር የምንቀመጠው። በዕድሜ ይበልጠናል። አባቱ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለሱ ብስኩት ያመጡለታል፣ እሱ ደግሞ ለክፍሉ ያድላል። ለራሱ የሚያስቀረው ትንሿን ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማሊኛ እኩል ነው የሚያወራው። ሒሳብ ግን ሲሠራ በሱማሊኛ ነበር የሚቆጥረው፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

1982 ላይ አፈሳው በረታ። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከወጣበት ከ1975 ጀምሮ ወጣት እየተወሰደ ነበር፣ በዚያ ዓመት ግን ጦርነቱ ከፍቶ ተማሪም አልቀረለትም። አንድ ሰኞ ዴስካችን ላይ ሁለት ብቻ ሆንን። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አሁን የክፍላችን ልጆች በቴሌግራም ተገናኝተናል። አንዱ ካናዳ፣ አንዷ ጅቡቲ፣ አብዛኞቻችን እዚሁ ነን። የዚያ ዘመን ወሬ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው የሱ ስም ነው። ፎቶው ግን ማንም ጋ የለም። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ ይጠይቁን ነበር። "በትምህርት ቤት የተነሳው አንድ እንኳ የለም?" ይሉናል። የምንሰጣቸው አልነበረንም።

ያንቺ ጓደኞች ግን በሕይወት አሉ። የሁለቱን ቤት ታውቂዋለሽ፣ የልጅቷም ስልክ አይጠፋም። ለዚህ ነው አትልቀቂ የምልሽ።

"ያልተመረቀ" ስለሚለው ነገር ደግሞ ለኮሚቴው ይህን ንገሪልኝ። መጽሔቱ ሲታተም አገር አቀፍ ፈተናውን ገና አንዳችሁም አልወሰዳችሁም። በ2014ቱ ፈተና በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ አጥኚ፣ በርቺ። ግን መጽሔቱን ላለፈ ሰው ብቻ ካላችሁት፣ ዛሬ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው "አይገባም" ከሚሉት ልጆች ስንቱ ይቀርበት ይሆን? አብሮ የተማረ ሁሉ ይግባ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ 9ኛ ክፍልን በሙሉ ከናንተ ጋር ተቀምጧል። እሱን ማንም ሊሰርዘው አይችልም።

ከዚሁ ጋር፣ በየፎቶው ስር "የወደፊቱ ዶክተር"፣ "የወደፊቷ ኢንጂነር" የሚባለውን ተዉት። ውጤት ከመጣ በኋላ ያንን ገጽ መግለጥ የሚከብደው ልጅ ብዙ ነው። አንዳንዱ መጽሔቱን ከነጭራሹ ይደብቀዋል። በማስተማር ዘመኔ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ገንዘቡ ቀላል ነው። የሦስት ልጆች ፎቶ ለክፍሉ ቢካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአንድ ሳምቡሳ ዋጋ አያልፍም። እሱም ከበዛ ከዚራ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱን ማስታወቂያ ጠይቁ፣ የምርቃት ሰሞን እምቢ አይሉም። ለነዚህ ልጆች ግን ለብቻ ገጽ እንዳትሠሪላቸው። "ያቋረጡ ጓደኞቻችን" የሚል ርዕስ ስር ሦስት ፎቶ መደርደር እነሱን እንደገና ከክፍል ማስወጣት ነው። በፊደል ተራ ከሌሎቻችሁ መሃል ይግቡ።

ከማስገባትሽ በፊት ግን እያንዳንዳቸውን ራስሽ ጠይቂ። በተለይ ዐረብ አገር ያለችውን። ቤተሰቧ እሺ ስላለ ብቻ እንዳታስገቢያት። እንደ እሷ የሄዱ ብዙ ልጆች ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ዕድሜ ሌላ ነው። ስሟና የተማረችበት ዓመት ከነፎቶዋ ታትሞ መውጣቱን ላትፈልገው ትችላለች። አይሆንም ካለች ስሟን ሳትጠቅሺ አንድ ትዝታዋን ጻፊ። እሷ ስታነበው ራሷን ታውቃለች፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ።

በኛ ጊዜ መጽሔት አልነበረንም፣ አውቶግራፍ ነበረን። ደብተር ገዝተን ለየጓደኛው እናዞረዋለን፣ እሱም ይጽፍልናል። የኔን ባለፈው ክረምት አውጥቼ አነበብኩት። ገጹ ሁሉ "ሕይወትሽ እንደ ጽጌረዳ ይለምልም"፣ "አትርሺኝ" ነው። ማን የትኛውን እንደጻፈው ከፊርማው በቀር አይለይም። አንዷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ባጂያ ደብቀሽ ስትበዪ ቲቸር ከሽታው አውቀው 'ለኔስ?' ያሉሽን አልረሳም።" ይቺን ሳነብ ክፍሉ በሙሉ መጣልኝ። የከሰዓት ፈረቃው ሙቀት፣ የሚንጫጫው የጣሪያ ቬንትሌተር፣ የቲቸር ነጭ ሸሚዝ። የጻፈችልኝ ልጅም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል።

ስለዚህ ስለ ጠባይ አትጻፊ። ያደረገውን ጻፊ። አታውቂው ከሆነ አጠገቡ የተቀመጠውን ጠይቂ። የት ነበር የሚቀመጠው? እረፍት ላይ ማን ጋ ይሄዳል? ቲቸር ሲጠራው መጀመሪያ የሚለው ቃል ምንድን ነው? ረመዳን ላይ ጓደኛው ሲጾም ውሃ ተደብቆ የሚጠጣው ማን ነበር? ለዒድ ሙሸበክ፣ ለገና ድፎ ዳቦ ይዞ የሚመጣውስ? በድሬ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። አጠገባችሁ ስላለ ነው የማይታያችሁ።

የደቻቱ ወንዝ የሞላ ቀን ማን የት እንደነበረም ጠይቂ። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ እኛ ከመጋላ ወደ ከዚራ በእግራችን ነበር የምናቋርጠው። ወደ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ይደርሳል። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ማዶ የቀረው እዚያው ይቀራል። ማን ሄደ፣ ማን ጓደኛው ቤት አደረ፣ ማን ከወንዙ ዳር ቆሞ ጮኸ፣ የሰው ጠባይ ያኔ ይታወቃል። ግን ስትጠይቂ በጥንቃቄ ይሁን። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አብዛኞቻችሁ ያኔ ገና አልተወለዳችሁም። ከክፍልሽ ልጆች ቤት ግን ያኔ ሰው የጎደለበት ሊኖር ይችላል። ፊቱ ከተቀየረ ጥያቄውን ተዪው።

ለአንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ቅጽል ስም ባለቤቱ ካልወደደው አይግባ። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ የተጻፈለትን አሳዪው። እናቱ ፊት ጮክ ብሎ ሊያነበው ካልቻለ ይቀየር።

ጊዜ እንዳይሻማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጽፈሽ ጨርሺ፣ ግንቦትና ሰኔ የጥናት ናቸው። ከባጃጁ ልጅ ጀምሪ። ቀትር ላይ በፀሐዩ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያን ሰዓት ታገኚዋለሽ። እሺ ካለሽ ከፊራ ያለው ጓደኛችሁ ጋ እሱ ራሱ ያደርስሻል።