መልስ፦ የሕፃናት ሞት ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው?

በታዳጊ አገሮች ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በድህነት ብቻ እንደሆነ ጠይቀዋል። ድህነት ከጀርባ መኖሩ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ገዳዩ እንደ ዕድሜው ይለያያል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ ሕይወታቸው የሚያልፈው በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ዋነኞቹ መንስኤዎች ያለጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የሠለጠነ አዋላጅ መኖሩ ነው፤ ሳይተነፍስ የተወለደን ጨቅላ ወዲያው አድርቆና አነቃቅቶ፣ ካስፈለገም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በጭንብል አየር መስጠት ብዙዎችን ያተርፋል (ብዙ ሰው የሆስፒታሉን ሕንፃ እንጂ ይህችን ደቂቃ አያስባትም)።

ከዚያ በኋላ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ወባ ይበረታሉ። በተቅማጥ የታመመ ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ፈሳሽ ከሰውነቱ በማለቁ ነው፤ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሕክምናው በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ (የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ከ10 እስከ 14 ቀናት የሚሰጥ ዚንክ የተባለ ማዕድን ሲሆን፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። የምግብ እጥረትም ከጠቅላላው የሕፃናት ሞት ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ እጁ አለበት፤ የተጎዳ ሰውነት ተራውን ሕመም እንኳ መቋቋም ያቅተዋልና። የእናትን ትምህርት ደግሞ አቅልለው እንዳያዩት፤ በተመሳሳይ የገቢ ደረጃም ቢሆን የተማሩ እናቶች ልጆች የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።