ቦንሳይ የሚጀመረው ከመቀስ ሳይሆን ከውሃ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የችግኝ ማፍያ አለኝ። ማንጎ፣ ፓፓያና አበባ እሸጣለሁ። ዛፍን በጠባብ ዕቃ ውስጥ አሳንሶ የማሳደግ የጃፓኖች ጥበብ የሆነውን የቦንሳይን ቪዲዮ አይቼ ጓጓሁና አንድ የፊከስ (የዋርካ ዘመድ) ችግኝ ሥሩንም ቅርንጫፉንም ቆርጬ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ተከልኩት። በሽቦም ጠመዘዝኩት። ሳሎን ካስቀመጥኩት ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ጀማሪ ይህን ሙያ ከየት ይጀምር?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ስለሆንክ አንቱታውን ትቼዋለሁ። በቅድሚያ ዛፍህን ከሳሎን አውጣው። ቦንሳይ የዛፍ ድንክ ዘር አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ዛፍ ነው። ትንሽ አድርጎ የሚያቆየው መቀስና ጠባብ ዕቃ ነው። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚሆንበት ቦታ ፈልግለት። ሽቦውን በፒንሳ እየቆራረጥክ አንሳ። እፈታለሁ ካልክ ቅርንጫፉን ትሰብረዋለህ።

ያጠፋኸው ሦስት ሥራ በአንድ ቀን መሥራትህ ነው። አይፈረድብህም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በግንቦት ሙቀት የአንድ ቡገንቪሊያ ሥርና ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ሽቦ ጠምጥሜበት ነበር። በሳምንቱ ማገዶ ሆነ።

ጃፓኖች ውሃ ማጠጣት ብቻውን የሦስት ዓመት ትምህርት ነው ይላሉ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ጠፍጣፋ ዕቃ በአንድ ቀን ጠዋትም ማታም ውሃ ሊጠይቅ ይችላል። በሰዓት አታጠጣ። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ስደድ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው፣ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጣ። በየሰዓቱ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን አይደርስም። ውሃችን ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ክረምት ላይ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ብታጠራቅም ዛፎችህ ይወዱልሃል።

አፈሩም ከውሃው አይለይም። የጓሮ አፈር ብቻውን ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል። ሻካራ አሸዋ፣ የተቀጠቀጠ ጡብና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅል። ጡቡ ከምስር እስከ ሽምብራ ፍሬ ያክል፤ ዱቄቱን በወንፊት ነፍተህ ጣል።

አሁን ወደ ችግኙ ልምጣ። ማንጎና ፓፓያህን ለዚህ እርሳቸው፤ ቅጠላቸው ትልቅ ነው፣ ፓፓያማ እንጨትም የለው። ፊከስ፣ ቡገንቪሊያ፣ ሮማንና ሮቃ ግን ሙቀታችንን የለመዱ ናቸው። ቀጭን ችግኝ ሳህን ላይ ከተከልከው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ግንድ የሚወፍረው መሬት ላይ ወይም ሰፊ ዕቃ ውስጥ በነፃነት ሲያድግ ነው። እዚህ ላይ ከብዙ ጀማሪ ትሻላለህ። ማፍያህ ጥግ ላይ ደንበኛ ጠማማ ነው ብሎ የተዋቸው፣ ሥራቸው ከላስቲካቸው ውጭ የወጣ አሮጌ ችግኞች የሉህም? ለቦንሳይ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። አምስት ስድስት ምረጥ። ታችው የተበሳ የፕላስቲክ ሳፋ ለመማሪያ ይበቃል። ውዱ ሸክላ ይቆይ። ከተራራ ቆፍረህ ግን አታምጣ፤ የዱር ዛፍ ሥሩ ሩቅ ነው፣ አብዛኛው ይሞትብሃል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አጠጣ፣ ከአንጓው በላይ እየቆረጥክ አዲሱ ቡቃያ ወዴት እንደሚወጣ ተመልከት። የፊከስ ወተት ዓይንህን እንዳይነካ። ሥር መቁረጥ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲገባ ይሁን፤ ከሲሶ በላይ አትቁረጥ። ሽቦ የሚመጣው ዛፉ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ነው። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያክል፣ በሰያፍ ጠምጥመው፤ በየሳምንቱም እየው። ፊከስ በሙቀት ቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። ቡገንቪሊያ ግን እንጨቱ ቶሎ ይሰበራል፤ ለሱ ከሽቦ ይልቅ መቀስ ይሻላል።

የታመመው ፊከስህ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ቢረግፍም አትጣለው። ግንዱን በጥፍርህ ጫር አድርገው። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ አይጠጣምና ውሃውን ቀንስለት፤ ማዳበሪያም እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ይቅርበት።