ጥያቄና መልስ፦ ኢንተርንሺፕ ከመውጣታችሁ በፊት

ዘንድሮ ግቢ የገቡ ተማሪዎች ስለ ኢንተርንሺፕ (በመሥሪያ ቤት ስለሚደረግ የተግባር ልምምድ) የላኩልንን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል።

«ስድስት ኪሎ ነው የምማረው፣ ፍሬሽማን ነኝ። በዚህ ክረምት ኢንተርንሺፕ ብወጣ ይያዝልኛል?»

አይያዝልህም። የሚያዘው ዲፓርትመንትህ በካሪኩለሙ ያስቀመጠው፣ ተመዝግበህ የወጣኸው ብቻ ነው። ምህንድስና የደረሳቸው አብዛኛውን ጊዜ 4ኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ይወጣሉ፤ ከ3ኛ ዓመት በኋላ ባለው ክረምት የሚያስወጡ ዲፓርትመንቶችም አሉ። ዲፓርትመንት እንደደረሰህ ካሪኩለሙን ተቀበልና ቀድመህ ማለፍ ያለብህን ኮርስ እይ። እዚያ ላይ የመጣ አንድ ኤፍ ኢንተርንሺፑን በዓመት ሊገፋው ይችላል። ለራስህ ዕውቀት ብለህ ክረምቱን ብትሠራ ግን ማን ይከለክልሃል?

«ወንድሜ አምና ከግቢ የተጻፈለትን የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ይዞ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ዞሮ የደወለለት የለም። ተራዬ ሲደርስ ምን ላድርግ?»

ደብዳቤን ለጥበቃ ወይም ለጸሐፊ ትቶ የወጣ ሰው ስልክ ሲጠብቅ ይከርማል። የደብዳቤ ቦታው መዝገብ ቤት ነው። ዋናውንና ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፤ ዋናውን ሲቀበሉሽ በኮፒሽ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፊ። ከዚያ ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ይወጣል፣ ለሰው ሀብት ይመራል፣ ሰው ሀብት ደግሞ የሥራ ክፍሉን «ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ሊተኛ ስለሚችል በሳምንትሽ ተመለሺና ቁጥሩን ይዘሽ «የት ደረሰ?» በይ። ስምሽን ብቻ ከነገርሻቸው የሚፈልግልሽ አታገኚም።

ደብዳቤው ራሱም ይታይ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም ስለማይመለከት መዝገብ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አስጽፊበት። ስምሽ እስከ አያት ከመታወቂያሽ ጋር ይመሳሰል። የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ተለይቶ ይጻፍ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሰኔ መጨረሻ የገባ ደብዳቤ ሒሳብ መዝጊያና ንብረት ቆጠራ መሃል ይወድቃል። ለክረምት የምትወጪ ከሆነ ግንቦት ላይ አስገቢ። አካውንቲንግ ለሚማር ግን ያ ግርግር ከተገኘ አይታለፍም፤ ክላስ ውስጥ የማይታይ ትምህርት አለው።

«ሎግቡክ (የዕለት ሥራ መመዝገቢያ ደብተር) ላይ በየቀኑ ምን ይጻፋል? ሥራው አንድ ዓይነት ከሆነስ?»

ሥራው አንድ ዓይነት የሚመስለው «ሳይት ላይ ብረት ሲታሰር አየሁ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ያንኑ ቀን እንዲህ ጻፉት፦ «የ2ኛ ፎቅ ስላብ ብረት ተፈተሸ። 10 ሚሊ ሜትር ብረት በየ20 ሳንቲ ሜትር መታሰር ሲገባው በደረጃው በኩል 25 ሆኖ ተገኘ። ኮንክሪት ሳይሞላ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ።» ልኬት፣ ስህተትና ማስተካከያ ካለበት የግቢው አድቫይዘር ቦታው ላይ እንደነበራችሁ ያምናል፤ የመጨረሻውን ሪፖርትም ግማሹን ጽፋችሁ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ፊርማ በየሳምንቱ ይሰብሰብ። የድርጅቱ ሱፐርቫይዘር የዓመት ፈቃድ ሊወጣ ወይም ሊዛወር ይችላል። የሁለት ወር ገጽ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ቀን ሲፈረም ደግሞ ያስታውቃል።

«አጎቴ ቢሮ አለው። እዚያ ብሠራስ?»

ሙያህ ከሆነና ግቢው ከፈቀደ ሥራ። ብቻ የሚገመግምህ አጎትህ አይሁን።

«ከቤት የምሠራለት የሶፍትዌር ድርጅት አግኝቻለሁ። ይሆናል?»

ከመጀመርሽ በፊት የኢንተርንሺፕ አስተባባሪሽን አስፈቅጂ። ድርጅቱ ንግድ ፈቃድና ማህተም እንዳለው፣ የግምገማ ፎርምሽን ማን እንደሚፈርም በስም ጠይቂ። ሥራው አልቆ ፎርሙን የሚፈርም ጠፍቶ የሚንከራተት ተማሪ ብዙ ነው።

«ይከፈላል?»

አብዛኛው አይከፍልም፤ የትራንስፖርት የሚሰጥ አለ። ገና ስትገቡ ጠይቁ። «ቦታ ላግኝላችሁና ክፈሉኝ» ለሚል ደላላ ግን ሳንቲም አትስጡ።

«ግምገማውን ራሴ ነኝ የማመጣው?»

ብዙ ቦታ ለተማሪው በታሸገ ፖስታ ይሰጣል። ማህተሙ ፎርሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በፖስታው መዝጊያ ላይም ማረፉን ሳታይ ከቢሮው አትውጣ፤ ክፍት ፖስታ ይዞ የሄደ ተማሪ ተመለስ ይባላል።