ጨጓራዬን ላስቀንስ?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ክብደቴ 124 ኪሎ ነው፤ ስኳርም አለብኝ። ሐኪሜ ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና አስብበት አለኝ። ባለቤቴ ፈርታለች። አንቺ አልፈሽበታልና ምን ትዪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃቷ ይገባኛል። ሐኪሙ ዘንድ ይዘሃት ሂድ፤ ራሷ ትጠይቀው። ከጨጓራህ 80 በመቶ ያህሉ ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። ስኳር ላለበት ሰው ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጀመሪያ የምትወስደው ፈሳሽ ብቻ ነው። እኔ የሐዋሳውን የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣ ሾርባ አጥልዬ በቡና ስኒ ፉት እል ነበር። አንዷን ስኒ ለመጨረስ ስንት ሰዓት! ከቁስሉ በላይ የከበደኝ ግን ጉርሻ ነው። «በሞቴ» እያለ የሚለምንህን ዘመድ እምቢ ማለት አለብህ፤ ከአሁኑ ንገራቸው። ቪታሚን መውሰዱም ዕድሜ ልክ ነው። የስኳር መድኃኒትህን ደግሞ ሐኪም ያስተካክልልህ እንጂ በራስህ እንዳታቋርጥ፣ አደራ።