አዋሽ ፓርክን በአንድ ቀን
ጥያቄ፦ የምንኖረው አዳማ ነው። ትንንሽ ልጆቻችንንና አረጋዊት እናቴን ይዘን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን በአንድ ቀን ጎብኝተን መመለስ እንችላለን?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሆኖም በወለንጪቲና በመተሐራ የሚያልፈው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነና ሙቀቱ ሲበረታ እንስሳቱ ወደ ግራር ጥላ ስለሚሸሹ፣ በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላንና የሜዳ ፍየልን ለማየት ጎህ ሲቀድ መነሳት ይኖርብዎታል። ቀትሩን አዋሽ ፏፏቴ አጠገብ ጥላ ሥር ያሳልፉ፤ ወንዙ አዞ ስላለበት ግን ልጆቹን ከዳርቻው ያርቋቸው። በሰሜን በኩል ያለው ፍልውሃ ከነዘንባባዎቹ እጅግ ቢያጓጓም፣ ሸካራው መንገድ እናትዎን ስለሚያደክም ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት እመርጣለሁ። የመጠጥ ውሃ ከሚያስፈልግዎ በላይ ይያዙ፤ ከመኪና መውረድ የሚፈቀድበትንም ቦታ መግቢያው ላይ ጠባቂዎቹን ይጠይቁ።