የጂኦሜትሪ ሥዕል ቅጂ በሳሎን ግድግዳ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቅርቡ የገባንበት ቤት ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። የጂኦሜትሪ ሥዕል ሠዓሊዎቹን የካንዲንስኪን ወይም የሞንድሪያንን ሥዕል ቅጂ አሳትሜ በፍሬም ልሰቅልበት አስቤአለሁ። ባለቤቴ ግን «ክብና መስመር ብቻ፤ ላይና ታቹ እንኳ አይለይም» ይለኛል። መጠኑንና ፍሬሙን እንዴት ልምረጥ? እናቴ ከሐረር ያመጡልኝ የግድግዳ ስፌቶችም አሉ፤ አብሬ ብሰቅላቸው ያምራሉ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ በባለቤትዎ አስተያየት እንጀምር፤ እርሳቸው ያሉት ባለሙያዎችንም የፈተነ ጉዳይ ነውና። ሞንድሪያን በ1941 እ.ኤ.አ. በባለቀለም ማጣበቂያ ወረቀት የጀመረውና በጀርመን ዱሰልዶርፍ ሙዚየም የሚገኘው «ኒው ዮርክ ሲቲ 1» ለአሥርት ዓመታት ተዘቅዝቆ ሳይሰቀል እንዳልቀረ የተነገረው በ2022 ነው፤ ቢገለበጥ ወረቀቶቹ ይላቀቃሉ ተብሎም እንደነበረ ተትቷል። የእርስዎ ግን ቀላል ነው። በካንዲንስኪ «ኮምፖዚሽን 8» ላይ ፊርማውና ዓመተ ምሕረቱ በግራ በኩል ታች ስለሚገኙ እነርሱን አይቶ መስቀል ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው የጎኖቹ ምጣኔ ነው። የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ዳርና ዳሩ ትንሽ ቢቆረጥ ማንም ላያስተውል ይችላል፤ በጂኦሜትሪ ሥዕል ግን እያንዳንዱ መስመር ከጠርዙ ያለው ርቀት ራሱ የሥዕሉ አካል ስለሆነ፣ ማተሚያ ቤቱ እጁ ላይ ላለው ፍሬም እንዲስማማለት ምስሉን የቆረጠው ወይም የለጠጠው እንደሆነ ክቡ እንቁላል ይሆናል፣ ሚዛኑም ይፈርሳል። በ1923 የተሣለውና በኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም የሚገኘው «ኮምፖዚሽን 8» 140 በ201 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 70 በ100 አድርገው ቢያሳትሙት ምንም ሳይቆረጥ ከዋናው ግማሽ ልኬት ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ ይገጥማል። በ1930 የተሠራው የሞንድሪያን ባለቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ሥዕል ደግሞ እያንዳንዱ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በእውነተኛ መጠኑ ሊታተም ይችላል፤ ነገር ግን ከረጅም ሶፋ በላይ ብቻውን ቢሰቀል ይጠፋል። ሞንድሪያንን በበርና በመስኮት መካከል ላለ ጠባብ ግድግዳ ቢያቆዩትና ለሶፋው ካንዲንስኪን ቢመርጡ ይሻላል እላለሁ።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ምስሉን ከስልክዎ ስክሪን ፎቶ አንሥተው አይውሰዱ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጥሩ ኅትመት ወደ 3,500 ፒክስል ያስፈልጋል፤ 1,200 ፒክስል ያለው ምስል በዚያ መጠን ሲወጣ ጥቁሮቹ መስመሮች ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣል፣ በነጩ መደብ ላይም በመስመሮቹ ዙሪያ ግራጫ ጉድፍ ይታያል። በቴሌግራም የሚልኩም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። ማሽኑ የሚጠቀመው ቀለም ፒግመንት መሆኑንም ይጠይቁ፤ ከተራው ቀለም ይልቅ ብርሃንን ይቋቋማል።

የድሬዳዋን ፀሐይ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። የጠዋት ወይም የከሰዓት ጨረር በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ከሆነ፣ የተሻለው ቀለም እንኳ እየነጣ መሄዱ ስለማይቀር ወይ መጋረጃ ያድርጉ ወይ ግድግዳ ይቀይሩ። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይበላሽ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ወፍራም ነጭ ካርቶን ዙሪያውን ይግባ። መስኮት ትይዩ ከሆነ መስታወቱ ከሥዕሉ ይልቅ መስኮቱን ያሳይዎታል፤ በዚህ ጊዜ ያለ መስታወት በካንቫስ ላይ ማሳተም ይሻላል፣ ምንም እንኳ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ግድ ቢሆንም።

ለፍሬሙ፣ ሠሪዎቻችን የሚወዱትን ወርቅ ቅብና ቅርጻ ቅርጽ ያለበትን ይተዉት። ሞንድሪያን ራሱ ሸራውን በፍሬም ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ወደ ፊት ወጣ አድርጎ በቀጭን እንጨት ላይ ያሳርፈው ነበር። ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ይበቃል።

ስፌቶቹን ግን ከኅትመቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ አያደባልቋቸው። በሐረሪ ቤት ውስጥ ስፌት ብቻውን ሳይሆን በረድፍ፣ ከሳህኖቹ ጋር ተደርድሮ ነው ግድግዳ የሚሞላው፤ ከመሐሉ እየተሽከረከረ የሚወጣው ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር ጥለትም ከካንዲንስኪ ክቦች ጋር ይሻማል። ትይዩ ላለው ግድግዳ ይስጧቸው። እንዲያውም እነርሱ በእጅ የተሠሩ ዋና ሥራዎች፣ ኅትመቱ ደግሞ ቅጂ ነውና ከፀሐይ የራቀው ግድግዳ የሚገባው ለስፌቶቹ ነው፤ የአለላውም ቀለም ይነጣልና።

ሲሰቅሉ ከሶፋው መደገፊያ በላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ ብሎኬቱን በድሪል በስተው፣ ፊሸር አስገብተው በሁለት ቦታ ያንጠልጥሉት። ውሃ ልክ መዋስ አይርሱ፤ ቀጥ ባለ መስመር የተሠራ ሥዕል ጥቂት ሲያዘነብል ወዲያው ያሳጣል።

ጥያቄ፦ የገብረ ክርስቶስ ደስታን አብስትራክት ሥዕሎች አሳትሜ በፍሬም ለቱሪስቶች ብሸጥ ያስጠይቀኛል?
ከጀጎል፣ ሐረር

መልስ፦ አዎን፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ ያስጠይቃል። ሠዓሊው በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለዱት በዚያው በሐረር ሲሆን ያረፉት በ1981 በአሜሪካ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደግሞ የቅጂ መብት የሥራው አመንጪ ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ስለዚህ የወራሾቻቸውን የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ ወደ ማተሚያ ቤት አይሂዱ። ካንዲንስኪና ሞንድሪያን ሁለቱም በ1944 ስላረፉ በእነርሱ ሥራ ላይ ይህ ገደብ አልፏል።